ከዲሲ ወደ ሉዊስ፦ ቅዳሜና እሁድን ትንሽ የባሕር ከተማ ላይ የማሳለፊያ መመሪያ

እናቴ ባሕር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው በ68 ዓመቷ ነው። ከአገር ቤት በመጣች በሦስተኛው ሳምንት ይዘናት ሄድን። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ውሃው ጫፍ ድረስ ወረደች። ጎንበስ ብላ ጣቷን ነከረችና ቀመሰችው። «ውይ! እውነትም ጨው ነው» አለች። ከዚያ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ለምሳ እስክንጠራት ድረስ አልተነሳችም።

ማታ ልንተኛ ስንል፣ «እንዲህ እጄን አጣጥፌ የዋልኩበትን ቀን አላስታውስም» አለችኝ።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለእንደዚያ ዓይነት ቀን ነው። ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ አካባቢ የምንኖር ሰዎች ዕረፍት አናውቅም። ሁለት ሥራ የሚሠራው ብዙ ነው። አንድ ቀን ሲገኝ ደግሞ ሰርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ለቅሶ አለ። ባሕር ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ሜሪላንድ ውስጥ ያለችውን ኦሽን ሲቲን ነው። ኦሽን ሲቲ ለወጣቶች ጥሩ ነው። ሕዝቡም ድምፁም ይበዛል። አርፎ ለመመለስ ግን፣ በተለይ ከልጆችና ከወላጅ ጋር፣ ትንሽ ከተማ ይሻላል። የእኔ ምርጫ ዴላዌር ውስጥ ያለችው ሉዊስ ናት።

ስሟን ጂፒኤስ ላይ ስትጽፉ ተጠንቀቁ። ፊደሏ ኤል፣ ኢ፣ ደብሊው፣ ኢ፣ ኤስ ነው። ሲነበብ ግን ሉዊስ ነው። ሌላው ነገር ሰዓት ነው። እዚህ የምጠቅሰው ሰዓትና ዓመት ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር፣ ስልካችሁ ላይ እንደምታዩት ነው።

1. መጀመሪያ ወቅቱን ወስኑ

ምርጫ ካላችሁ ከሌበር ደይ በኋላ ያሉትን የሴፕቴምበር ሳምንታት ያዙ። ሌበር ደይ የወሩ የመጀመሪያው ሰኞ ነው። በዚያ ሰሞን ልጆች ትምህርት ቤት ስለሚገቡ ሕዝቡ ይበተናል። የሆቴል ዋጋ ይወርዳል። ፓርኪንግ ይገኛል። ውሃው ግን ገና አልበረደም። ባሕር ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። ሜይ መጨረሻ ላይ አየሩ ሞቆ ውሃው እግር ያደነዝዛል። ሴፕቴምበር ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ማለዳው ቀዝቀዝ ይላል፣ ውሃው ሙቅ ነው።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ጊዜው የእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው። ዳርቻው ላይ ያለውን የአሸዋ ክምር ስታዩ ቢጫ አበባ በቅሎበት ታገኛላችሁ። ጎልደንሮድ ይሉታል። አደይ አበባ አይደለም፤ ዘለላው ረዘም ያለ ነው፣ ጨዋማ ነፋስ የሚችል ተክል ነው። ግን ከሩቅ ሲታይ ልብ ያሞቃል። እናቴ ስታየው እጇን አፏ ላይ ጫነች። እንዳትቀጥፉት። ክምሩ ላይ መውጣትም ክልክል ነው፤ አሸዋውን ይዞ ከተማውን ከማዕበል የሚከላከለው የተክሉ ሥር ነው።

ሴፕቴምበር ግን አንድ ችግር አለው። ሃሪኬን የሚባለው ከባድ አውሎ ነፋስ ወቅት ነው። ሃሪኬኑ ከዳርቻው በጣም ርቆ እያለ፣ ሰማዩም ጥርት ብሎ እያለ፣ ከባድ ሞገድ ይልካል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት የአየሩን ብቻ ሳይሆን የባሕሩን ሁኔታ እዩ።

ኦገስትን ከመረጣችሁ ፍልሰታ እንደሚገባ አስታውሱ። ከኦገስት 7 እስከ 21 ጾም ነው። መሄድ አይከለክልም፣ ምግቡን ብቻ ቀድማችሁ አስቡበት። ጁላይ ላይ ደግሞ ከረግረጉ በኩል ነፋስ ሲነፍስ የሚናከስ ዝንብ ይመጣል። ነፋሱ ከባሕሩ ሲነፍስ ዝንቡ ይጠፋል።

ቅዳሜና እሁድ የምትሠሩ ሰዎች እንዳታዝኑ። ፓርኪንግ፣ ሆስፒታል፣ ታክሲ ላይ ያላችሁ ሁሉ፣ ዕረፍታችሁ ማክሰኞና ረቡዕ ከሆነ ከሁላችንም የተሻለ ዕድል አላችሁ። መንገዱም ቤቱም ያኔ ነው የሚገኘው።

2. ማደሪያ ያዙ

ሉዊስ ውስጥ ያሉት ማደሪያዎች ጥቂት ናቸው። በሰመር ብዙዎቹ ከሁለት ሌሊት በታች አያከራዩም። ሦስት አማራጭ አለ።

ሁለት ወይም ሦስት ሰው ከሆናችሁ ሞቴል ወይም ሆቴል በቂ ነው። ብዙዎቹ ሩት 1 በሚባለው ትልቁ መንገድ ላይ፣ በሉዊስና በጎረቤቷ የባሕር ከተማ በሪሆቦት መካከል ናቸው። ርካሽ ከፈለጋችሁ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ያለችው ጆርጅታውን አለች፤ ከባሕሩ በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው።

ሁለት ሦስት ቤተሰብ ከሆናችሁ ቤት ተከራዩና ተካፈሉ። ኩሽና ያለው ቤት ለእኛ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ግን ከመክፈላችሁ በፊት አንሶላና ፎጣ ይኖረው እንደሆነ ጠይቁ። በዚያ አካባቢ የሚከራዩ ቤቶች ብዙ ጊዜ ተከራዩ አንሶላውን ይዞ እንዲመጣ ነው የሚጠብቁት።

ሦስተኛው ኬፕ ሄንሎፐን በሚባለው የስቴት ፓርክ ውስጥ ድንኳን መትከል ነው። ቦታው ከወራት በፊት ይያዛል።

አንድ ምክር ከደረሰብኝ ልጨምር። አንድ ጊዜ «ባሕሩ አጠገብ» የሚል ቤት ያዝን። ስንደርስ በመሃል ሩት 1 አለ። ብዙ መስመር ያለው፣ መኪና የሚበርበት መንገድ ነው። ልጅ ይዞ በእግር አይሻገሩትም። ሁለቱን ቀን በመኪና ስንመላለስ፣ ፓርኪንግ ስንፈልግ አለቀ። ስለዚህ አድራሻውን ካርታ ላይ አስገቡና ወደ ውሃው በእግር ስንት ደቂቃ እንደሆነ ራሳችሁ እዩ። ከሩት 1 በየትኛው ወገን እንደሆነም አረጋግጡ።

ዴላዌር የሽያጭ ታክስ የለውም። ይህን ሰምተው ብዙዎች የሆቴሉም ዋጋ ያው የተጻፈው ይመስላቸዋል። ማደሪያ ላይ ታክስ አለ፤ ጠቅላላውን ጠይቁ።

3. ከቤት የምትይዙትን አዘጋጁ

ምግብ ላይ ትንሽ ልቆይ። የባሕር ነፋስ እንጀራን በደቂቃ ያደርቃል። አሸዋ ደግሞ የማይገባበት የለም። ወጡን ትሪ ላይ ዘርግቶ በእጅ መብላት ዳርቻው ላይ አያስኬድም። የሚሻለው ቤት ተፈትፍቶ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ተደርጎ፣ በማንኪያ የሚበላ ነው። ሱፍ ፍትፍት እንደ ተፈጠረለት ነው፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ያጠግባል፣ ለጾምም ይሆናል። አዚፋም እንደዚሁ። ቋንጣ ፍርፍር ጾም ላልሆነ ቀን። ለመቆያ ቆሎና ዳቦ። ኩለሩን በበረዶ ሙሉት፤ ሙዝና ብርቱካንም ይኑርበት።

ከተማው ውስጥ ጥሩ ምግብ ቤቶች አሉ። የአካባቢው ኩራት ክራብና ኦይስተር ነው። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ለማይበላ ሰው ምርጫው ይጠባል። ዓሣ ግን የትም አለ። ስታዙ ዓሣው ከክራቡ ጋር በአንድ ዘይት እንደሚጠበስ መጠየቅ ነውር አይደለም። ለጾመኛ ደግሞ ቅቤና ወተት ያልነካው ምግብ ማግኘት ቀላል አይደለምና ከቤት የያዛችሁት ይጠቅማችኋል።

ቡናውን አፍልታችሁ በፔርሙዝ ያዙ። አሸዋው ላይ እሳት ማንደድ እንደ ልብ አይፈቀድም። ሆቴል ክፍል ውስጥ ደግሞ ቡና አትቁሉ፣ ዕጣንም አታጭሱ። የጭስ ማንቂያው ሕንፃውን ሙሉ ያስወጣዋል። ኩሽና ያለው ቤት ውስጥ መስኮት ከፍታችሁ ትችላላችሁ።

ሌላው ዕቃ ይህን ያህል ነው። ዘንጉ አሸዋ ውስጥ የሚተከል ዣንጥላ። ነጠላ ጫማ፣ ምክንያቱም ቀትር ላይ አሸዋው ያቃጥላል። የፀሐይ መከላከያ ቅባት፤ ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል፣ ከውሃው የሚመለሰው ጨረር ይጨመርበታል። ለወላጅ የምትታጠፍ ወንበር። ለማታ ጋቢ። የሕፃን ፓውደርም ያዙ። አሸዋ የተለጠፈበትን እግር በፓውደር አሹት፤ ወዲያው ይረግፋል። ከመኪና ምንጣፍ ውስጥ አሸዋ ጠርጎ የሚያውቅ ሰው የዚህን ጥቅም ያውቃል።

አልኮል አትያዙ። የፓርኩም ሆነ የሪሆቦት ዳርቻ ላይ ክልክል ነው። ሪሆቦት ድንኳንና ዳስ መሰል ጥላም ከልክላለች፤ ዣንጥላ ግን ይፈቀዳል።

4. ድልድዩን በሰዓቱ ተሻገሩ

ጉዞው ያለ ትራፊክ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ትራፊክ ካለ ግን ልኩ አይታወቅም። ሁሉም ነገር የሚወሰነው ቤይ ብሪጅ ላይ ነው።

ድልድዩ የቼሳፒክን ወሽመጥ የሚሻገር ነው። ርዝመቱ 4.3 ማይል ነው። የመጀመሪያው በ1952፣ ጎኑ ያለው ሁለተኛው በ1973 ተከፈተ። ወደ ባሕሩ የሚሄድ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በዚያ ላይ ነው የሚያልፈው። አንድ ዓርብ ከሥራ ወጥተን 4:30 ተነሳን። ድልድዩን ስንሻገር መሽቷል። ልጆቹ ተኝተዋል፣ እኛም ደክመን ተኮራርፈናል።

ስለዚህ ሰዓቱን እንዲህ አድርጉ። ዓርብ የምትሄዱ ከሆነ ወይ ከጠዋቱ 10:00 በፊት፣ ወይ ከምሽቱ 9:00 በኋላ ድልድዩ ላይ ሁኑ። ቅዳሜ የምትሄዱ ከሆነ ከ7:00 በፊት ተሻገሩ። እኔ ቅዳሜ ከንጋቱ 5:00 መነሳትን እመርጣለሁ። ልጆቹን ከነፒጃማቸው ታስገባላችሁ። ፀሐይዋ ድልድዩ ላይ ፊት ለፊት ትወጣለች።

ክፍያው ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ብቻ ነው፤ ስትመለሱ አትከፍሉም። ጥሬ ገንዘብ የሚቀበል ሰው የለም። ኢዚፓስ የሚባለው፣ መኪና ላይ የሚለጠፍ መክፈያ ያለው ሰው በርካሽ ያልፋል። የሌለው ሰው ታርጋው ፎቶ ይነሳና የበለጠ ዋጋ በፖስታ ይመጣለታል።

ድልድዩ ከፍ ያለና ጠባብ ነው፤ መንገድ ዳር መቆሚያ የለውም። ብዙ ሰው ይፈራዋል፣ ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። መኪናችሁን በክፍያ ነድተው የሚያሻግሩ አገልግሎቶች አሉ። ቀድማችሁ ደውሉና ቀጠሮ ያዙ። ካልሆነ ፍርሃት የሌለበት ሰው መሪውን ይያዝ።

ከድልድዩ በኋላ በሩት 50 ቀጥሉ። ዋይ ሚልስ ላይ ወደ ግራ ሩት 404ን ያዙ። ዴንተንን አልፋችሁ ዴላዌር ትገባላችሁ። ከዚያ ብሪጅቪል፣ ጆርጅታውን፣ ሉዊስ። ከ404 በኋላ ያለው አገር ሜዳ ነው፤ የበቆሎና የአኩሪ አተር እርሻ ነው። ፍጥነት ተቆጣጠሩ፤ ትንንሾቹ ከተሞች ውስጥ ገደቡ በድንገት ይወርዳል፣ ፖሊስም ይጠብቃል።

5. ስትደርሱ መኪናውን አቁሙና እርሱት

ይህ የመመሪያው ልብ ነው። ሉዊስ በእግር የምትታይ ከተማ ናት። ዋናው የሱቅ መንገድ ሰከንድ ስትሪት ይባላል። ጥቂት ርምጃ ሄዳችሁ ጀልባዎች የሚቆሙበት ቦይ አለ። ቦዩን በሳቫና መንገድ ተሻግራችሁ ስትቀጥሉ መንገዱ አሸዋ ላይ ያልቃል። ያ ነው ባሕሩ።

ከተማዋ ዕድሜ አላት። ሆላንዶች በ1631 ዓሣ ነባሪ ለማደን ሰፈሩባት፤ ሰፈሩ በዓመቱ ጠፋ። ዴላዌር በ1787 የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ከሁሉም ቀድማ ያጸደቀች ስቴት ናት። የሉዊስ ሰዎች በዚህ ምክንያት «የመጀመሪያው ስቴት የመጀመሪያዋ ከተማ» ይሏታል። በ1813 እንግሊዞች ከመርከብ በመድፍ ደበደቧት። አንዷ ጥይት መሠረቱ ውስጥ የተሰካችበት ቤት ዛሬም ቆሟል፤ ልጆች ማየት ይወዳሉ። ዝዋነንዴል የሚባለው ሙዚየም በ1931 የተሠራው በሆላንድ ሆርን ከተማ ያለውን የድሮ ማዘጋጃ ቤት አስመስሎ ነው። ከውጭ ማየቱ ብቻ ይበቃል።

አውትሌት የሚባሉት የቅናሽ ሱቆች ቅርብ ናቸው። ታክስ የለም ይባላል፣ ልብ ይሄዳል። እባካችሁ አትሂዱ። ወይም ሌላ ቀን ሂዱ። ያ ቀን ካለቀ በኋላ የሚቀራችሁ የገበያ ከረጢት ነው፤ እናታችሁ ደግሞ ባሕሩን ያየችው ከመኪና መስኮት ይሆናል።

6. የት እንደምትገቡ ለዩ፦ ወሽመጡና ውቅያኖሱ

እባካችሁ ይህን ክፍል በደንብ አንብቡት። አብዛኞቻችን ደጋ ያደግን ነን። ዋና የተማርነው ወንዝ ውስጥ ነው፣ ወይም አልተማርንም። ውቅያኖስ ሌላ ነው።

ሉዊስ ሁለት ዓይነት ውሃ አላት። ከተማው ዳር ያለው የዴላዌር ወሽመጥ ነው። ሞገዱ ትንሽ ነው። ውሃው ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው። ዋና የማይችል ሰው እስከ ጉልበቱ ገብቶ ቆሞ የሚደሰትበት ነው። ትንንሽ ልጆችና ወላጆች ካሉ ቅዳሜን እዚህ ዋሉ። በሰመር መጨረሻ ጄሊፊሽ የሚባል ለስላሳ የባሕር እንስሳ ሊኖር ይችላል። ከነደፈ ያማል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ይተዋል። አሸዋ ላይ ወድቆ ያያችሁትንም አትንኩ። የሞተውም ይነድፋል።

ሁለተኛው በኬፕ ሄንሎፐን ፓርክ በኩል ያለው ውቅያኖስ ነው። ከመሃል ከተማው በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው። መግቢያ ይከፈላል፣ የሌላ ስቴት ታርጋ ያለው የበለጠ ይከፍላል። በሰመር ቅዳሜና እሁድ ፓርኩ ሲሞላ በሩን ይዘጋሉ። ስለዚህ ከ10:00 በፊት ግቡ። እዚያ ስትገቡ ሦስት ነገር ያዙ።

አንደኛ፣ ላይፍጋርድ (ዋናተኞችን የሚጠብቅ ሰው) ባለበት ቦታና ሰዓት ብቻ ዋኙ። ከሌበር ደይ በኋላ ላይፍጋርድ ይቀንሳል፤ ሴፕቴምበር ላይ ለመዋኘት ከሄዳችሁ መኖሩን ቀድማችሁ አረጋግጡ። ከሌለ እግር ማጠብ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ የዴላዌር ዳርቻ ጫፉ ላይ ቁልቁል ነው። ሞገዱ ሩቅ ሳይሰበር እዚያው እግራችሁ ሥር ይወድቃል። ትንሽ የሚመስል ሞገድ ሰውን አንስቶ በአንገቱ ሊተክለው ይችላል። ስለዚህ ለባሕር ጀርባ አትስጡ። በጭንቅላት አትወርወሩ። ፎቶ ለመነሳት ውሃው ጫፍ ላይ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ አትቁሙ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው ያኔ ነው።

ሦስተኛ፣ ሪፕ ከረንት የሚባለውን እወቁ። ዳርቻውን የመታው ውሃ ተሰብስቦ በአንድ ጠባብ መስመር ወደ ውስጥ ሲመለስ ነው። ከዳር ሲታይ ሁለት በኩል ሞገድ ይሰበራል፣ መሃሉ ግን ጸጥ ያለና ጠቆር ያለ ይመስላል። ሰው «እዚህ ጋ ይሻላል» ብሎ የሚገባው እዚያ ነው። ከያዛችሁ ወደ ታች አይጎትትም፤ ወደ ውጭ ነው የሚወስደው። ፊት ለፊት እየታገላችሁ ወደ ዳር አትዋኙ፤ ጉልበት ይጨርሳል። ወደ ጎን፣ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆናችሁ ዋኙ። ካቃታችሁ በጀርባችሁ ተንሳፈፉና እጃችሁን አውለብልቡ። ልጆቻችሁን ደግሞ ዋና አስተምሩ፤ በየሰፈሩ ያሉት የካውንቲ ገንዳዎች ትምህርት ይሰጣሉ።

መዋኘት ለማትፈልጉ ፓርኩ ብዙ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን መርከብ ይመጣ እንደሆነ ለመቃኘት የተሠሩ የኮንክሪት ማማዎች አሉ። ሰፋፊ የብስክሌትና የእግር መንገዶች አሉ። ጎርደንስ ፖንድ የሚባለው መንገድ ሜዳ ነው፣ ለሽማግሌ እግርም አይከብድም። በአንድ ወገን ረግረግ፣ በሌላው የአሸዋ ክምር ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ቅጠል መሃል የቆመ ነጭ ወፍ ታያላችሁ።

ሜይና ጁን ላይ ከሄዳችሁ አንድ ነገር እንዳያመልጣችሁ። ጨረቃ ሙሉ ወይም አዲስ በሆነችበት ሰሞን፣ ማታ ውሃው ሲሞላ፣ ሆርስሹ ክራብ የሚባሉ እንስሳት እንቁላል ለመጣል ወደ ወሽመጡ ዳርቻ ይወጣሉ። ቅርጻቸው እንደ ተደፋ ድስት ነው፤ ከኋላ እንደ ወስፌ ያለ ጭራ አላቸው። በዓለም ትልቁ ስብስባቸው ያለው እዚህ ወሽመጥ ነው። ከዳይኖሰር በፊት የነበሩ ፍጥረታት ናቸው። ደማቸው ሰማያዊ ነው፤ መርፌና ክትባት ከባክቴሪያ መርዝ ንጹሕ መሆኑን ለመፈተሽ አገልግሏል። ልጆቻችን የተከተቡት ክትባት በእነሱ በኩል አልፏል ማለት ነው። ጭራው ያስፈራል እንጂ አይነድፍም። ሞገድ ገልብጧቸው በጀርባቸው ተኝተው ካገኛችሁ ጎንና ጎናቸውን ይዛችሁ ቀና አድርጓቸው። በጭራቸው አታንሷቸው፤ ይጎዳሉ። የሰባት ዓመቷ ልጄ በአንድ ማታ አሥራ አንድ ቆጥራ አቃናች። አንዱ ዞሮ ወደ ውሃው ሲገባ «ቻው» ትለዋለች።

7. እሁድ ማለዳ ፀሐይ ሲወጣ ሪሆቦት ሁኑ

የስቴት ፓርኩ በር በማለዳ አይከፈትም። ስለዚህ ለፀሐይ መውጣት ወደ ጎረቤቷ ሪሆቦት ቢች ሂዱ። በመኪና ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም፣ በዚያ ሰዓት ፓርኪንግ እንደ ልብ ይገኛል። አንድ ማይል የሚሆን የእንጨት መንገድ ባሕሩን ይዞ ተዘርግቷል። ወንበሮች አሉ። ቡናውን በፔርሙዝ ይዛችሁ ተቀመጡ።

ስሙን ልብ በሉት። ዘፍጥረት 26 ላይ ይስሐቅ ጉድጓድ ሲቆፍር ሁለት ጊዜ ተጣሉት። ሦስተኛውን ሲቆፍር ማንም አልተጣላውም፤ «ርኆቦት» ብሎ ጠራው፣ ሰፊ ቦታ ሰጠን ሲል ነው። ከተማዋን በ1873 የመሠረቷት ሜቶዲስቶች ለጸሎት ጉባኤ ነበር፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ቃል ነው። ቅዳሴ ላመለጣት እናቴ ይህን ስነግራት ደስ አላት። ውዳሴ ማርያሟን አውጥታ እዚያው ደገመች።

ጊዜ ከተረፋችሁ ከሉዊስ ከወሽመጡ ማዶ ወዳለችው ኬፕ ሜይ የሚሄደው ጀልባ አለ። ከ1964 ጀምሮ ይሠራል። 17 ማይል ነው፣ 85 ደቂቃ ይፈጃል። መኪናውን ትታችሁ በእግር ብትሳፈሩ ይረክሳል። ዶልፊን የሚታይበት ቀን ብዙ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ሁለት ቀን ብቻ ላለው ሰው እኔ አልመክረውም። ያው ሩጫ ይሆናል።

8. መመለሻውን አትርሱ

በሰመር እሁድ ከሰዓት በኋላ ሁሉም በአንድ ላይ ወደ ምዕራብ ይመለሳል። ድልድዩ ላይ ከጠዋቱ 10:00 በፊት ወይም ከምሽቱ 10:00 በኋላ መድረስ ነው። ሰኞ ማለዳ ሥራ የማይገባ ሰው ካለ ሰኞ ረፋዱን ቢመለስ ከሁሉም ይሻላል። ሴፕቴምበር ላይ ይህ ጭንቀት በግማሽ ይቀላል።

404 ላይ ስትመለሱ የገበሬዎቹን የመንገድ ዳር ሽያጭ አትለፉ። ሐብሐብ፣ ኮክ፣ ቲማቲም፣ በቆሎ አለ። አንዳንዱ ቦታ ሻጭ የለም፤ ሳጥን ውስጥ ገንዘብ አስቀምጣችሁ ትወስዳላችሁ፣ ስለዚህ የአንድና የአምስት ዶላር ኖት ያዙ። በቆሎውን ለጥብስ ብላችሁ አትግዙ። እናቴ አንዱን ልጣ በጥፍሯ ፍሬውን ወጋ አደረገችው። ነጭ ወተት ወጣው። «ይሄ ገና ለጋ ነው፣ ስኳር ነው። ከሰል ላይ አይሆንም፣ ለቅቅል ነው» አለች። ልክ ናት። ካደረ ጣፋጩ ይቀንሳል። በዚያው ማታ ከነልጣጩ ድስት ውስጥ ክተቱት።